ክብረት አዳቃዩና ከሞተ የሰነበተው ኮርማ

በሀና ማርያምና በላፍቶ መካከል ባለችው ሰፈራችን «የጥጆች አባት» ተብሎ ሲጠራ ዞር የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክብረት። ቅጽሉን ያወጣንለት እኛ ጎረቤቶቹ ነን፣ እሱም ለምዶት አይቆጣም። ሥራው ላም ማዳቀል ነው። እንደኛ ባለ ሰፈር፣ ግቢው ጠብቦ ኮንዶሚኒየሙ አናቱ ላይ በቆመበት ቦታ፣ ኮርማ የሚያኖር ሰው የለም። ላም ያላቸው ግን ዛሬም አሉ። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ለክብረት ይደወላል፤ እሱም በዚያች ከራሷ ይልቅ ጭሷ ቀድሞ በሚታይ ሞተር ብስክሌቱ ከተፍ ይልና፣ ብብቱ ድረስ የሚዘልቅ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ፣ ከእስክርቢቶ ቀፎ በቀጠነች ቱቦ ያመጣውን የኮርማ ዘር ቦታው አድርሶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ቱቦዋን ስትሮ ይሏታል።

ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ድግስ ቤት አጠገቡ የተቀመጠ እንግዳ «ምን ትሠራለህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ እኛ ገና መልሱ ሳይመጣ አፋችንን በነጠላ መያዝ እንጀምራለን። ክብረት ግን ፊቱን ሳያጠቁር ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳል፤ እንግዳው መጉረስ እስኪያስጠላው ድረስ። ሚስቱ ገበያነሽ ቦት ጫማውን ከደጅ ካላወለቀ ቤት አታስገባውም። ሁለቱ ሴት ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው ሲባሉ «ጤና ላይ ነው» ይላሉ አሉ። ውሸት አይደለም፤ የማን ጤና እንደሆነ ነው ያልተናገሩት።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቅዝቃዜው ነው። ስትሮዎቹ የሚኖሩት ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፤ የታንኩ ክዳን ሲነሣ ነጭ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ሰው ቢነካው ግን እንደ እሳት ይልጠዋል። እዚያ ውስጥ የገባ ዘር አይሞትም፣ አያረጅም። ኮርማው ሞቶ ቆዳው ጫማ ሆኖ፣ ጫማውም ተጨርሶ በተጣለበት ዓመት ልጁ ሊወለድ ይችላል። ክብረት ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይዋሸኛል ብዬ ነበር። ያሳመነኝ የአዴ ቡዜ ኮርማ ነገር ነው።

አዴ ቡዜ ከሰፈሩ በፊት የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው የጀሞ ሜዳ ያኔ የባለቤታቸው የአቶ ለሜሳና የወንድሞቻቸው እርሻና ግጦሽ ነበር። አቶ ለሜሳ ቦቃ የሚሉት ቀይ ኮርማ ነበራቸው፤ ግንባሩ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ነጭ ያለበት። ሰው ሁሉ አኮላሹት ሲላቸው እንቢ ብለው ከነኮርማነቱ ያርሱበት ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን ክብረት ገና ጀማሪ ነው። ስለ አገራችን ከብት የሚያጠኑ ሰዎችን አስከትሎ መጣና ከቦቃ ዘር ተወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ጥናቱ ተቋረጠ። ስትሮዎቹ ሊጣሉ ሲሉ ክብረት ለምኖ ወደ ራሱ ታንክ አዛወራቸው።

ከዚያ ቦቃም ሞተ፣ አቶ ለሜሳም ዐረፉ፣ ሜዳውም ፎቅ ሆነ። ክብረት ያንን ዘር እንደ ስለት ዕቃ ሲጠብቅ ኖረ። አንዳንዱን ሞክሮበታል፤ ግን ሰው የሚፈልገው ወተት የሚያዘንበውን የፈረንጅ ዝርያ ስለሆነ፣ የተወለዱት ክልስ ጥጆች ሁሉ ጥርስ ሳይነቅሉ ሥጋ ቤት ገቡ። በመጨረሻ የቦቃ ነገር አንዲት ስትሮ ላይ ቀረ።

አምና በመጋቢት ከእድራችን ስብሰባ ስንወጣ ክብረት ስልኩን አውጥቶ አቆመን። ባሕር ማዶ ያሉ ሳይንቲስቶች ማሞዝ የሚባለውን እንስሳ ሊመልሱት ነው አለን። ማሞዝ ማለት ከምድር ከጠፋ ሺህ ዓመታት የተቆጠሩለት፣ ጸጉሩ ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ የበረዶ አገር ዝሆን ነው። በረዶ ውስጥ የተቀበረው ሬሳ ሥጋው ሳይበሰብስ እየተገኘ፣ ከሥጋው የዘር ምሥጢሩን አንብበው፣ የዛሬውን ዝሆን ዘር በዚያ መልክ እያረሙ፣ በመጨረሻ ማሞዝ የመሰለ ግልገል እናስወልዳለን ብለዋል። «እስካሁንስ ምን ወለዱ?» ስንለው ትንሽ አመነታና ስልኩ ላይ አንዲት አይጥ አሳየን። ጸጉሯ እንደ ማሞዝ ወርቃማና ረጅም እንዲሆን ተደርጋ የተፈጠረች አይጥ ናት። ሸዋረገድ፣ የሰፈሩ ድግስ ሁሉ አለቃ፣ አይጡማ እኛም ቤት ሞልቷል፣ የጎደለን ጸጉሩ ብቻ ነው አለች። ሳቁ መንገደኛ አስቆመ።

ክብረት አልሳቀም። እነዚያ ሰዎች በዝሆን ሊያደርጉ የሚሞክሩት እሱ በላም ሲያደርገው ከኖረው ብዙም እንዳልራቀ፣ ዛሬ አይጥ ያለው ሳይንስ ነገ ዝሆን እንደሚል፣ የጠፋ ሁሉ ጠፍቶ መቅረት እንደሌለበት እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ሲናገር ደስ ይላል፤ ሐምሳውን ያለፈ ሰው እንዲህ በአንድ ነገር ሲቃጠል ማየት እኔን ደስ ይለኛል፣ ባሾፍበትም።

ከእኛ ጋር ከስብሰባው የወጡት አዴ ቡዜ እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሲያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ሲወለድ እናቱ ማናት?» አሉት።

ዝሆን ናት አላቸው።

«ዝሆኗ በረዶ ታውቃለች?»

አታውቅም አለ።

«ታዲያ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚኖር ማን ያሳየዋል?»

ምላሱ የማይዝለው ክብረት ስልኩን ዘግቶ ወደ ቤቱ አዘገመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ብቻዬን እየሳቅሁ ነው።

በማግሥቱ እሱ ራሱ ቤቴ መጣ። ፊቱን ሳይ ሳቄ ጠፋ። የቦቃን የመጨረሻ ስትሮ መካኒሳ ላለች አንዲት ጠንካራ ክልስ ጊደር ሊያደርጋት ቆርጦ ነበር፤ ወጣት ስለሆነች ትይዛለች። አሁን ግን የአዴ ቡዜ ጥያቄ ሆዱ ገብቶ አላስቀምጠው ብሏል። ከክልሷ የሚወለደው ግማሹ ፈረንጅ ነው፤ በረት ተዘግቶበት ፉርሽካ እየበላ አድጎ ይሸጣል። «ጸጉራም አይጥ ማለት እኮ ይኸው ነው» አለኝ። የጥንቱ ከብት በሁለቱም በኩል የሚመለሰው ስትሮዋ ለዳሚቱ ከሆነች ብቻ ነው።

ዳሚቱ የአዴ ቡዜ ላም ናት። ከአቶ ለሜሳ ወንድም ከብቶች የመጣች፣ ከቦቃ ጋር የማትዛመድ፣ ከዚያ ሁሉ መንጋ ብቻዋን የቀረች። ወንዙ ዳር ሳር የት እንደሚበቅል፣ የትኛው ገደል እንደሚንሸራተት ታውቃለች። ችግሩ አርጅታለች። ከዚያ በፊት ተዳቅላ ደጋግማ ሳትይዝ ቀርታለች። አሁንም ካልያዘች የቦቃ ዘር በዚያው ያልቃል።

ሌላም ነገር አለ። የአዴ ቡዜ ልጅ ዲንሳ በረቱን አፍርሶ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ይፈልጋል። ዲንሳ ክፉ ልጅ አይደለም፤ በጀሞ መስመር ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ማታ ለእናቱ ዳቦ ሳይዝ አይገባም። ብዙ ጊዜ ከተከራከሩ በኋላ እናትና ልጅ ተስማሙ። ዳሚቱ ለመጨረሻ ጊዜ ትሞከር፤ ሴት ከወለደች በረቱ ይቆያል። ባዶ ከሆነች፣ ወይም ወንድ ከወለደች፣ ሁሉም ይሸጥና በረቱ ይፈርሳል። ወንድ ጥጃ ከተማ ውስጥ ምን ያደርጋል? አይታለብ፣ አይታረስበት። አዴ ቡዜም ይህን ማስተባበል አልቻሉም።

ፋሲካ አልፎ ሠርግ እንደተከፈተ ጎረቤታችን ማናዬ ልጁን ዳረ። የኛ ሰፈር ሲደግስ ዕቃ አይከራይም፤ ከየቤቱ ይለቀማል። ድስቱ፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ የወተት ጋኑ፣ ማንም ማንንም ብዙ ሳይጠይቅ ወደ ድንኳኑ ይተማል፤ ሠርጉ ሲያልቅ የማን የማን እንደሆነ ሲለይ ሌላ ሳምንት ይፈጃል። ገበያነሽ ከእኛ ጋር ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ለጎረምሶቹ ቁልፏን ወርውራ ከጓዳ የሚበጃችሁን ውሰዱ አለቻቸው። እነሱም ጎላውን፣ ጀሪካኖቹን፣ ከጥግ የቆመውንም ባለ እጀታ ነጭ ጋን ተሸክመው መጡ። ገበያነሽ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ቀና ብላ አላየችም። ጋኑ የክብረት ታንክ ነበር። በእርግጥም ከውጭ ሲያዩት የወተት ጋን እንጂ ሌላ አይመስልም።

ሸዋረገድ ጠላ ልትቀዳበት ክዳኑን አነሣች። ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። ያደረ ውሃ መስሏት አጥሩ ሥር ልትደፋው አዘነበለችው፤ ፈሳሹ የነካው ሳር ተንጣጥቶ እንደ ብርጭቆ ደረቀ። ያኔ ጉድ ፈላ። ሸዋረገድ ማርያምን እየጠራች ጋኑን ቀጥ አድርጋ አቆመች፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና እጇን ወገቧ ላይ ጭና ቆመች። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። እኛም ሽንኩርታችንን ይዘን ወደ ወዲያኛው ጥግ ተሸጋገርን፤ እንዲያውም ቄስ ይጠራ ያሉም ነበሩ።

በዚያው ጧት አዴ ቡዜ ለክብረት ደወሉ። ዳሚቱ ከዋዜማው ማታ ጀምራ እየጮኸች ነው፤ ኮርማ ፈልጋለች። ክብረት የሠርግ ኮቱን እንደለበሰ ታንኩን ሊያነሣ ጓዳ ቢገባ ባዶ ነው። ሌባ ገባ ብሎ ላይ ታች ሲል አንድ ሰው ጋኑማ ወደ ድንኳኑ ሄዷል አለው። ወጥ ቤታችን ድረስ ሮጦ መጣ። ሸዋረገድ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እንደሚጮህባት ጠብቀን ነበር፤ አልጮኸም። ከኪሱ የእንጨት ማስመሪያ አውጥቶ ታንኩ ውስጥ ነከረና ሲያወጣው ጫፉ ላይ ብቻ በረዶ ይዞ ወጣ። ከሥር የቀረ ትንሽ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ስትሮዋ በሕይወት ትኑር፣ ትሙት ግን አይታወቅም። መርምሮ ለማየት መክፈት ያስፈልጋል፤ ከከፈታት ደግሞ ሌላ የለችም። በዚያች ሰዓት አንጀቴን በላው።

ታንኩን ይዞለት የሚሄድ ሰው ፈለገ። ጎረምሳው ሁሉ ሚዜ ሆኖ ተሽሎክልኳል። እኔ ከነሽንኩርት እጄ፣ ከነሽርጤ ከኋላው ተፈናጥጬ ታንኩን እንደ ሕፃን አቀፍኩት። ሀና ማርያምን ስናልፍ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ያሉንን እዚህ አልጽፈውም።

አዴ ቡዜ ግቢ ስንደርስ ዲንሳ ዳሚቱን ቀንዷን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ክብረት ምንም ሳይደብቅ ለአዴ ቡዜ ነገራቸው፤ ፈሳሹ እንደተደፋ፣ ዘሩ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ሌላ እንደሌለ። እሳቸው አልተቆጡም።

«አንተ የምትችለውን አድርግ፤ የቀረው የሷ ነው» አሉና ወደ ዳሚቱ አመለከቱት።

ስትሮዋን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ አቀለጣት። በመሐረብ አደረቃት። ይህን ሥራ ስንቴ ሠርቶታል መሰላችሁ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል፤ ያን ቀን ግን የደረቀችውን ደግሞ ደጋግሞ አደረቃት። ሲጨርስ ዳሚቱን ወገቧ ላይ መታ መታ አድርጎ፣ ኮቱን አራገፈና ወደ ሠርጉ ተመለስን። ማናዬ ቤት ጠላው በጀሪካን ተቀድቶ ጠበቀን።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ላም ካልያዘች ሦስት ሳምንት ግድም ቆይታ መልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ክብረት በዚያ ሰሞን አዴ ቡዜ ደጃፍ ባያልፍ ይመርጣል፤ እኔን ነበር ሂጂና ጩኸት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ የሚለኝ። ጩኸት አልነበረም። ሆኖም አሮጊት ላም እንዲሁም ዝም ልትል ትችላለች ብሎ ደስታዬን ያበላሽብኛል። በሐምሌ፣ ዝናቡ የበረቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ ጓንቱን አጥልቆ ሊመረምራት ገባ። ክንዱ ውስጥ ነው፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ግንባሩን ዳሚቱ ጎን ላይ አሳረፈና «አለ» አለ። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ፤ ላም የለኝ፣ ወተት አልወድ።

ያን ክረምትና ከመስከረም ወዲያ ያለውን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ዳሚቱን እየጠየቀ ከረመ። ሸዋረገድ ሳትቀር ከድግስ የተረፈ ዳቦና አተላ ይዛ ትሄድ ነበር። ክብረት ስለ ማሞዙ ሲያወራም ሰው ቆም ብሎ መስማት ጀመረ፤ እናቱ ዝሆን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንደምታረግዝ ሲነግረን ሴቶቹ ሁሉ ወገባችንን ያዝን። ዲንሳ ግን ቃል ቃል ነው እንዳለ ነው። ሴት ከሆነች እሰየው፤ ወንድ ከሆነ ደላላው ስልኩ ላይ አለ።

ዳሚቱ የወለደችው በጥር ማለቂያ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ደክሟት ስለነበር ክብረት ተንበርክኮ የጥጃውን እግሮች ይዞ ሳበላት። ጥጃው ገለባው ላይ ተዘረጋ። ቀይ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አዴ ቡዜ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ክብረት የኋላ እግሩን ገለጥ አድርጎ አየና ቀስ ብሎ መለሰው።

«ወንድ ነው፣ አዴ» አለ።

አዴ ቡዜ እጁን የሚታጠብበት ውሃ ሊያመጡለት ወደ ቤት ገቡ። ክብረት ውሃውን ተቀብሎ መታጠብ ጀመረ፤ ዲንሳን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። እኔም በንዴት ነድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ምናልባት በእግዜር።

ዳሚቱ የኛ ሐዘን አልገባትም። ጥጃዋን ከራሱ እስከ ጭራው ላሰችው። ሊነሣ ሞከረና ወደቀ። ደግሞ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። በረቱ ወለሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ዳሚቱ ዞራ በቁልቁለቱ በኩል ቆመችለት። ጥጃው ሲነሣ ጎኗ ላይ ተደገፈና በአራት እግሩ ቆመ። አዴ ቡዜ ያ «ማን ያሳየዋል?» ያሉት ትዝ ብሏቸው ይመስለኛል፣ ወደ ክብረት ዘወር አሉ፤ ክብረትም እያየ ነበር።

ዲንሳ እስከዚያች ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያገላብጥ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተና ገባ፤ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን በጥጃው ግንባር ላይ አደረገ። ጥጃው በዚያ በማይረጋ እግሩ ቆሞ በግንባሩ ገፋ አደረገው።

«ጋሽ ክብረት፣ ይሄ መቼ ነው ዘር የሚሰጠው?» አለ።

ክብረት ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልገባውም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው አለ።

«ከሱ ስንት ስትሮ ይወጣል?»

«ታንኩ እስኪሞላ» አለ ክብረት፤ አሁን ድምፁ ቀስ ብሏል።

ዲንሳ ወደ እናቱ ዞረ። ለእሳቸው በኦሮምኛ ተናገረና፣ እኛም መቆማችን ትዝ ሲለው በአማርኛ ደገመው።

«የማረሻ እርፍ መጀመሪያ የያዝኩት በቦቃ ነው። አባቴ አስጨብጦኝ ዞር ሲል ትልሙን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው እንጂ እኔ መች አውቄ? አላረስኩም፤ እሱ ነው ማረስ ያሳየኝ። ይሄ አይሸጥም።»

አዴ ቡዜ የበረቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ክብረት የታጠበውን እጁን ሳያደርቅ ጥጃው አጠገብ ተንበረከከ፤ ዲንሳም ቦታ ለቀቀለት።